ከጤና ጣቢያ እስከ ዕድር፦ የሥነ ልቦና ሕክምና አጀማመር በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች

የሥነ ልቦና ሕክምና ማለት የሠለጠነ ባለሙያ ከአንድ ወይም ከጥቂት ታካሚዎች ጋር በቀጠሮ እየተገናኘ፣ በንግግርና በየሳምንቱ በሚሰጥ ልምምድ አማካይነት የታካሚውን ጭንቀት የሚያቀልበት፣ ከራሱና ከሰዎች ጋር ያለውን ግንኙነትም መልሶ እንዲያይ የሚረዳበት የሕክምና ዓይነት ነው። ከሽማግሌ፣ ከንስሐ አባት ወይም ከታላቅ ወንድም ምክር የሚለየው በሁለት ነገር ነው። መካሪ ምን መደረግ እንዳለበት ይናገራል፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ግን ታካሚው ለምን እዚያው ሐሳብ ላይ እንደሚመላለስ አብሮት ይመረምራል። መካሪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዘመድ፣ ጎረቤት ወይም የዕድር አባል ሲሆን፣ ባለሙያው ከቀጠሮው ውጭ በታካሚው ሕይወት ውስጥ ምንም ድርሻ የለውም፤ ታካሚው ለማንም ያልተናገረውን እንዲናገር የሚያስችለውም ይኸው ባለድርሻ አለመሆኑ ነው።

በኢትዮጵያ የአእምሮ ሕክምና ለረጅም ዘመን ከአንድ ስም ጋር ተቆራኝቶ ኖሯል። በጣሊያን ወረራ ዘመን በአዲስ አበባ የተከፈተው አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ስለ ነበር፣ ከየክፍለ ሀገሩ ወደዚያ የሚላከው ሰው ሕመሙ እጅግ ከጸናበት በኋላ፣ አንዳንዴም ታስሮ የሚመጣ ነበር፤ በዚህም የተነሳ የሆስፒታሉ ስም ራሱ የመንደር መሳለቂያ እስከ መሆን ደርሷል። በምዕራብ ሸዋ ከጊንጪ ወይም ከጌዶ ተነስቶ ባለሙያ ማነጋገር ለሚፈልግ ሰው ከመንገዱ ይልቅ የሚከብደው ይህ ስም ነው። ይሁንና የንግግር ሕክምና የሚጠቅማቸው በአብዛኛው ሥራቸውን እየሠሩ፣ ልጆቻቸውን እያሳደጉ፣ ገበያ እየወጡ ውስጥ ውስጡን የሚንገላቱ ሰዎች ናቸው፤ ከዐረብ አገር ባዶ እጇን የተመለሰች፣ ልጅ ባለመውለዷ በየግብዣው የምትሸማቀቅ፣ ከሸክላ ሠሪ ወይም ከቀጥቃጭ ቤት በመወለዱ ለጋብቻ የተገፋ፣ ከእስር ወጥቶ ከእኩዮቹ ጋር መቀመጥ የተሳነው ሰው ለዚህ ይጠቀሳል።

እነዚህ ሰዎች የሚያጡት ራስን መቀበልንና ወገንነትን ስለ ሆነ፣ ሁለቱ ሐሳቦች ማብራሪያ ይሻሉ። ራስን መቀበል ራስን ማሞገስ ወይም «እንዲህ ነኝ፤ ምን ታመጣላችሁ» ማለት ሳይሆን፣ ሰው የደረሰበትን፣ ያደረገውንና የሚሰማውን ሳይክድና ሳይሸፋፍን የራሴ ነው ብሎ መያዝ መቻሉ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ሮጀርስ በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው መለወጥ የሚጀምረው ራሱን እንዳለ ሲቀበል መሆኑን ከሕክምና ልምዱ ተነስቶ አስረድቷል። ወገንነት ደግሞ በሚኖሩበት ማኅበረሰብ መካከል «ቦታ አለኝ፤ ብጎድል እፈለጋለሁ» የማለት ስሜት ነው። የሁለቱን ግንኙነት በጉዲፈቻ ማደጉን ጎልምሶ በሰማ ሰው ላይ ማየት ይቻላል። በኦሮሞ ሥርዓት የጉዲፈቻ ልጅ ከአብራክ ልጅ እኩል ስምና ውርስ የሚያገኝ፣ ጎሳውም የአሳዳጊው ጎሳ የሚሆን በመሆኑ፣ በማኅበረሰቡ ዘንድ የቦታው ጥያቄ የተዘጋ ነው። ነገሩን በጎረቤት አፍ ወይም በውርስ ክርክር መካከል ሲሰማ ግን ሥርዓቱ የዘጋው ጥያቄ በልቡ ይከፈታል፤ ጥያቄውን አፍ አውጥቶ መናገርም አሳዳጊዎቹን መካድ ይመስለዋል። ወገን ሳያጣ ወገን የለኝም የሚል ሰው የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ሕክምናው ወገን አይሰጥም፤ ያለውን ወገን ለመቀበል የሚያስችል አቅም ግን ይገነባል። በመሆኑም ቀጥሎ የተዘረዘረው መንገድ በጤና ተቋም አልፎ ወደ ሰፈር የሚመለስ ነው።

በቤት የሚጀመር ዝግጅት

የመጀመሪያው እርምጃ ከግማሽ ገጽ የማይበልጥ ማስታወሻ መጻፍ ነው። ችግሩ መቼ እንደ ጀመረ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ምን እንደ ሆኑ፣ የትኛው ሥራ እንደ ተስተጓጎለ፣ ከማን ጋር መገናኘት እንደ ቀረ፣ አልኮል ወይም ጫት እንደ ጨመረ፣ በመጨረሻም ምን ቢለወጥ ሕይወት እንደሚቀል በአጭሩ ይሰፍራል። ማንበብና መጻፍ ለማይችል ሰው ይህንኑ ለሚያምነው አንድ ሰው አስቀድሞ መንገር ተመሳሳይ ጥቅም አለው። ማስታወሻው ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ለይቶ ቢያሳይ ይመረጣል፤ ምክንያቱም በጤና ተቋማት ለድብርት መለያ የሚያገለግለው ፒኤችኪው ዘጠኝ የተባለው መጠይቅ ዘጠኝ ጥያቄዎችን ስለ እነዚሁ ሁለት ሳምንታት እየጠየቀ፣ ለእያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል። ከ27 ነጥብ 10 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ተጨማሪ ምርመራ እንዲደረግለት ይመከራል፤ ነጥቡ ብቻውን ግን የሕመም ማረጋገጫ አይደለም።

ማስታወሻው የሚያስፈልግበት ዋና ምክንያት በምርመራ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ የሚሆነው ነገር ነው። የተጨነቀ ሰው ለጤና ባለሙያው የሚናገረው ብዙውን ጊዜ የአካሉን ስሜት ነው፤ ራሴን ይፈልጠኛል፣ ልቤን ይመታኛል፣ ሰውነቴን ያቃጥለኛል፣ ጨጓራዬ አስቸገረኝ ይላል። ውጭ ረጅም ሰልፍ የሚጠብቀው ባለሙያም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሰማውን ይዞ የጨጓራ መድኃኒት ወይም የራስ ምታት ክኒን ይጽፋል፤ ታካሚውም በወሩ ያንኑ ይዞ ይመለሳል። ማንም አልዋሸም፤ ማንም ግን አልተገናኘም። ስለዚህ ከቤት ሲወጡ አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቶ መሄድ ይበጃል፤ ለምሳሌ «ሕመሜ ከሐሳብና ከጭንቀት ጋር የተያያዘ ይመስለኛል፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲያየኝ እፈልጋለሁ» የሚል። ይህ ዓረፍተ ነገር ከሁሉ ቀድሞ መነገር አለበት፤ ጨጓራው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። የአካል ምርመራን ግን መዝለል አይገባም፤ የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ መዛባት ከድብርት ጋር የሚመሳሰል ድካምና መደበት ስለሚያመጡ የደም ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ሁኔታዎችም አሉ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሲመጣ፣ በተለይም መንገዱ ከታሰበ ወይም መርዙ፣ ገመዱ ከተዘጋጀ፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ መሰማት ሲጀምር፣ ለቀናት ያለ እንቅልፍ በከፍተኛ ጉልበት መንቀሳቀስ ሲታይ፣ ከወሊድ በኋላ እናት ራሷንና ሕፃኑን መለየት እስኪያቅታት ስትረበሽ፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ግዴታ ነው። በእነዚህ ጊዜያት ቤተሰብ ሰውየውን ብቻውን መተው የለበትም፤ ፀረ ተባይ መድኃኒትን ከቤት ማራቅም ከማንኛውም ምክር ይቀድማል።

በአምቦ አካባቢ ማስታወሻውን ለመጻፍ የሚቀመጥ ሰው ከግል ሕይወቱ አልፎ የከተማውን ታሪክ መንካቱ አይቀርም። በሚያዝያ 2006 በአምቦ፣ በኅዳር 2008 ደግሞ በጊንጪ ተጀምሮ ከተስፋፋው ተቃውሞ ጋር በተያያዘ ልጁን ያጣ፣ የታሰረ፣ የቆሰለ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ የአምቦው ተወላጅ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በሰኔ 2012 ተገድሎ በዚያው በትውልድ ከተማው ሲቀበርም ሐዘኑ የከተማው ሁሉ ነበር። የጋራ ሐዘን ሰውን ያስተሳስራል፤ ነገር ግን የራሱን ሟች በዚያ መካከል ለብቻው ያላለቀሰ ሰው፣ ወይም ሟቹ በየትኛውም ወገን ስሙ የማይነሳለት ሰው፣ ሐዘኑን የሚያስቀምጥበት ያጣል። እንዲህ ያለው ነገር በማስታወሻው ላይ ሊሰፍር ይገባዋል። ባለሙያው የሚፈልገው የፖለቲካ አቋምን ሳይሆን የደረሰውን ጉዳት ስለ ሆነ፣ ታካሚው ደኅንነት እስኪሰማው ድረስ የሰዎችን ስም ሳይጠራ መናገር መብቱ ነው።

የትኛው በር

ሁለተኛው እርምጃ በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያስጀመረውና ኢትዮጵያም ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ተግባራዊ ያደረገችው፣ በምሕፃሩ ኤምኤችጋፕ የሚባለው መርሐ ግብር፣ ጠቅላላ ጤና ባለሙያዎች ድብርትን፣ የሚጥል በሽታንና የሱስ ችግርን በመደበኛ የሕክምና ክፍል እንዲያዩ ያሠለጥናል። በየጤና ጣቢያው ሠልጣኙ ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሠልጣኙ ተዛውሮ ቢሆን እንኳ የሪፈር ወረቀት የሚጻፈው ከዚያው ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል የሆነ ሰው ሪፈር ሳያጽፍ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ቢገባ ወጪው በሙሉ ላይሸፈንለት ስለሚችል፣ ይህች ወረቀት እንደ ተራ ነገር መታየት የለባትም።

በምዕራብ ሸዋ ዞን ውስጥ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታልና የአምቦ ጠቅላላ ሆስፒታል በከተማዋ ሲገኙ፣ በጌዶ፣ በጊንደበረት፣ በጀልዱና በእንጭኒም ሆስፒታሎች አሉ። በሆስፒታል የሚገኙት ባለሙያዎች የተለያዩ ስለ ሆኑ ማን ምን እንደሚሠራ ማወቅ ጊዜ ይቆጥባል። ሳይካትሪስት የሚባለው በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገ ሐኪም ነው፤ የሳይካትሪ ነርስ ሕመሙን ለይቶ መድኃኒት የሚያስጀምርና የሚከታተል ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ሆስፒታሎች አብዛኛውን ሥራ የሚሸከመው እርሱ ነው፤ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ደግሞ መድኃኒት ሳያዝ በንግግር ሕክምና የሚሠራ ባለሙያ ነው። የንግግር ሕክምና የሚፈልግ ሰው ይህንኑ ለይቶ መጠየቅ አለበት፤ ካልጠየቀ መድኃኒት ብቻ ይዞ ሊመለስ ይችላል። የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ተማሪዎች በየተቋማቸው ያለውን የተማሪዎች የምክር አገልግሎት አስቀድመው ቢጠይቁ ይሻላቸዋል፤ ሪፈርም ገንዘብም አይጠይቅም።

የከተሞቹ አቀማመጥም በምርጫው ላይ ለውጥ ያመጣል። ከአዲስ ዓለም የሚነሳ ሰው ወደ አምቦ ከመውረድ ይልቅ አዲስ አበባ ይቀርበዋል፤ በዚያም ከአማኑኤል ሌላ ጥቁር አንበሳ፣ ቅዱስ ጳውሎስና ዘውዲቱ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ባኮ ያለ ሰው ደግሞ ነቀምቴን ቢመርጥ መንገዱ ያጥርለታል። ለመታየት የሚፈራ የአምቦ ነዋሪ ጉደርን፣ የጉደር ነዋሪም አምቦን ሊመርጥ ይችላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በገበያ ቀን ከተማ የገባን ሰው «ወዴት ነህ?» ብሎ የሚጠይቀው ባይኖርም፣ የተመላላሽ ሕክምና ክፍሎች አብዛኛውን ጊዜ በሥራ ቀናት ብቻ የሚሠሩ በመሆናቸው ቀጠሮውን ከገበያው ጋር ለማገጣጠም አስቀድሞ ማጣራት ይገባል።

በስልክና በቪዲዮ የሚሰጥ ምክክርም እየተለመደ መጥቷል። ይህን የሚመርጥ ሰው ባለሙያው በጤና ቢሮ የተሰጠ የሙያ ፈቃድ እንዳለው መጠየቅ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ መስማማት፣ ማንም የማይሰማበት ቦታም ማዘጋጀት ይኖርበታል። ፈቃድ መጠየቁ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአንድ ቀን ሥልጠና ሕይወት እለውጣለሁ የሚሉ የመድረክ ተናጋሪዎች በዝተዋል፤ ጭብጨባው ደስ ይላል፣ ማግስቱን ግን ሰውየው ከነችግሩ ቤቱ ነው።

ቋንቋ ከቦታው ባልተናነሰ መታሰብ አለበት። በአምቦና በአካባቢዋ ብዙ ሰው ቤቱ አፋን ኦሮሞ፣ ቢሮው ወይም ትምህርት ቤቱ አማርኛ ሆኖ ያደገ ነው፤ በአንዱ ቋንቋ የተቆጣጠረውን ስሜት በሌላው ሲናገረው እንባው ሊቀድመው ይችላል። ባለሙያው የትኛውን እንደሚችል ሪፈር ሲጻፍ መጠየቅ፣ ሁለቱንም ማቀላቀል እንደሚቻልም ማወቅ ያስፈልጋል። ቤተሰብን በአስተርጓሚነት ማስገባት ግን ሕክምናውን ከሥሩ ያበላሸዋል፤ ሚስት ለባሏ እያስተረጎመች፣ ልጅ ለአባቱ እያስተረጎመ የሚነገር ነገር አስቀድሞ የተጣራ ነው።

የመጀመሪያው ቀጠሮ

በመጀመሪያው ቀን ባለሙያው በአብዛኛው የሚጠይቀው ስለ ሕመሙ አጀማመር፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ አካላዊ ጤንነትና ስለ ሱስ ነው። ሙሉ ክፍለ ጊዜ ከአርባ አምስት ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቢሆን ይመረጣል፤ በመንግሥት ሆስፒታል ግን ከዚህ እጅግ ሊያጥር ስለሚችል፣ በቤት የተጻፈው ማስታወሻ እዚህ ላይ ዋጋውን ያገኛል። ታካሚውም በበኩሉ ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባዋል፦ ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚሰጠው፣ ስንት ጊዜ እንደሚገናኙ፣ የተናገረው ነገር ለማን ሊተላለፍ እንደሚችል። ምስጢር መጠበቅ የሙያው ግዴታ ሲሆን፣ የታካሚው ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅና ሕግ ሲያስገድድ ብቻ ገደብ ይኖረዋል። በትንሽ ከተማ ምስጢር የሚያመልጠው ከባለሙያው አፍ ይልቅ በካርድ ክፍልና በመጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው፤ የካርድ ሠራተኛው የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ካርዱ በማን እጅ እንደሚያልፍ መጠየቅና ሰው በማይበዛበት ሰዓት ቀጠሮ እንዲሰጥ መለመን ነውር የለበትም።

ከንግግር ሕክምና ዓይነቶች ውስጥ ለወገንነት ጥያቄ የሚቀርበው የግንኙነት ተኮር ሕክምና የሚባለው ነው። ጭንቀትን ከአራት ምንጮች አንጻር ያያል፤ እነርሱም ሐዘን፣ ከቅርብ ሰው ጋር ያለ ግጭት፣ የሕይወት ለውጥና ብቸኝነት ናቸው። በደቡብ ምዕራብ ዩጋንዳ መንደሮች ውስጥ፣ ውጤቱ በ2003 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ የአካባቢው ሰዎች ለአጭር ጊዜ ሠልጥነው ለሴቶችና ለወንዶች በተለያየ ቡድን፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ለአሥራ ስድስት ሳምንታት ይህን ሕክምና ሲመሩ የተሳታፊዎቹ ድብርት በጉልህ ቀንሷል። የዓለም ጤና ድርጅትም የቡድን መመሪያውን በ2016 እ.ኤ.አ. አሰራጭቷል። ሌላው የታወቀ ዓይነት አሜሪካዊው ሐኪም አሮን ቤክ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ያዳበረው፣ ሐሳብን መርምሮ ድርጊትን የሚቀይረው ሕክምና ነው። የሕክምናውን ዓይነት ማወቅ ከባለሙያው ጋር ለመነጋገር ይረዳል፤ ለውጤቱ ግን ታካሚው ባለሙያውን ማመኑና ሳያቋርጥ መመላለሱም ትልቅ ድርሻ አላቸው።

መድኃኒት ከታዘዘ፣ የድብርት መድኃኒቶች ለውጥ ለማሳየት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ እንደሚወስዱ፣ ተሻለኝ ብሎ በራስ ሥልጣን ማቆምም ሕመሙን ሊመልስ እንደሚችል ማወቅ ይገባል። ጸበል የሚጠመቅ፣ በቸርች ጸሎት የሚደረግለት ወይም ቃሉ ከሚባለው የኦሮሞ ባህላዊ የሃይማኖት መሪ ዘንድ የሚሄድ ሰውም ይህን ከባለሙያው መደበቅ የለበትም፤ በአዲስ አበባ የአእምሮ ሐኪሞችና የጸበል አገልጋዮች አብረው የሠሩበት ልምድ አለ፤ አብሮ የማይሄደው በጸበሉ ሰሞን መድኃኒቱን መጣል ነው።

ከክፍሉ ውጭ ያለው ሥራ

ድብርት የያዘው ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚቀርበት ቦታ ለቅሶ ቤት ነው። ድንኳን ውስጥ ገብቶ መቀመጥ፣ «ጠፋህሳ» መባልን፣ ዓይን ለዓይን መተያየትን ይፈራል፤ ከቀብር ይቀራል፣ ከዕድር ስብሰባ ይቀራል፣ ዕድሩም በደንቡ መሠረት ይቀጣዋል፣ ሰፈሩ ደግሞ ኮራ ይለዋል። ሰውየው ይህን ሲሰማ እንደማይፈለግ ማረጋገጫ አድርጎ ይወስደዋል፤ በዚህም ከዕለት ወደ ዕለት ይርቃል። ጥሩ ባለሙያ ይህን ሰንሰለት ከሁሉ በፊት የሚይዘው ስለ ሆነ፣ የመጀመሪያው የቤት ሥራ አንድ ለቅሶ መድረስ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከሌሎች ጋር ገብቶ፣ ዳር ተቀምጦ፣ ሩብ ሰዓት ቆይቶ መውጣት፣ ከዚያም ያሰበው ነገርና የሆነው ነገር ምን ያህል እንደ ተለያዩ በማስታወሻው ላይ ማስፈር። በሚቀጥለው ሳምንት የጎረቤት ቡና፣ ከዚያ የዕድር ስብሰባ ይከተላል። ለዕድሩ ዳኛ ወይም ለጸሐፊው «ታምሜ ነበር» ብሎ ማስታወቅ በቂ ነው፤ የሕመሙን ዓይነት መዘርዘር አያስፈልግም።

ነገሩን በሙሉ የሚያውቅ ሰው ግን አንድ መኖር አለበት። ምርጫው ለታካሚው የሚተው ሲሆን፣ ከዚህ በፊት የሰማውን ያላወራ፣ ሲሰማም ለመምከር የማይቸኩል ሰው ይሻላል። የባልና የሚስት፣ የወንድማማቾች ወይም የውርስ ግጭት በሽምግልና ሊፈታ የሚችል በመሆኑ ሽማግሌዎችን መጠቀም ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ በሽምግልና የሚነገረውና በሕክምና ክፍል የሚነገረው መለየት አለባቸው፤ ሽማግሌው የሚዳኘው ጠቡን እንጂ የልብን ሐሳብ አይደለም። ወደ ወገን መመለስ ማለት ወደሚደበድብ ባል ወይም ወደሚያንቋሽሽ ቤት መመለስ አይደለም። ጥቃት የደረሰባት ሴት ቦታዋን በእኅቷ ቤት፣ በእቁቧ ወይም በማኅበሯ መካከል ብታገኝ ያው ወገን ነው፤ ታርቀሽ ግቢ የሚል ግፊት ሲመጣም ከባለሙያው ጋር ሳይመክሩ መልስ አለመስጠት ይሻላል።

ከአራተኛው ወይም ከስድስተኛው ቀጠሮ በኋላ የመጀመሪያው ማስታወሻ ተነብቦ እንቅልፉ፣ ሥራውና የሚሸሻቸው ሰዎች ብዛት ይነጻጸራል። በመካከሉ ከቀድሞው የከፋ ሳምንት መምጣቱ የተለመደ ነው፤ የተቀበረ ነገር ሲነሳ ያማል። ለሁለት ወር ያህል ምንም ለውጥ ካልታየ፣ ወይም ባለሙያው የሚያሳፍር፣ ሃይማኖት የሚሰብክ፣ ከቀጠሮ ውጭ ግንኙነት የሚፈልግ ሆኖ ከተገኘ፣ ሌላ ባለሙያ መጠየቅ የታካሚው መብት ነው፤ ለሪፈር የሚቀርበው ምክንያትም «ከሌላ ባለሙያ ጋር መቀጠል እፈልጋለሁ» ከሚለው የበለጠ ዝርዝር አይሻም። ሕክምናው ሲያበቃ የምርመራውን ውጤት፣ የተሰጠውን የሕክምና ዓይነትና የመድኃኒቱን ስም ከነመጠኑ የያዘ የማጠቃለያ ወረቀት መጠየቅና ከካርድ ቁጥሩ ጋር በቤት ማስቀመጥ ይገባል፤ ሕመሙ ከዓመታት በኋላ ቢመለስ፣ ወይም ታካሚው ሥራ ተቀይሮ ወደ ሌላ ከተማ ቢዛወር፣ አዲሱ ባለሙያ ከዚያ ወረቀት ይጀምራል።